የማክሰኞው እጅ

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሯ» ይላታል። ገና አልሆነችም። ዶክትሬቷን ከጀመረች አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ እናቷ ግን ማዕረጉን ያጸደቁላት የመግቢያ ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ያገኛት ጎረቤት ሁሉ ጉልበቱን ያሳያታል፣ ምላሱን ያወጣላታል፣ ስለ ሆዱ መነፋት ያማክራታል። «እኔ የማሽን ነኝ» ትላለች። «ማሽንስ ቢሆን ያው መገጣጠሚያ አለው» ይሏታል። መከራከሩ የሰለቻት ቀን አንዲት አክስቷን ጉልበታቸውን በሙቅ ውሃ እንዲያሹ አዘዘቻቸው፤ ሴትዮዋ ተሻላቸውና ነገሩ ጭራሽ ባሰ።

ትምህርቷ ኮንትሮል ኢንጂነሪንግ ይባላል፤ የሚንቀሳቀስን ነገር ሳያንገጫግጩና ሳይጥሉ ወደሚፈለግበት ማድረስ ማለት ነው። የእሷ ማሽን በየመጋዘኑ ከባድ ዕቃ የሚያነሱ ሠራተኞችን የሚያግዝ የብረት ክንድ ነበር። ሠራተኛው እጀታውን ይይዛል፣ ወደ ላይ ትንሽ ገፋ ያደርጋል፤ ክንዱ የሰውየውን ፈቃድ ከእጁ አንብቦ ስልሳ ኪሎውን ብድግ ያደርግለታል። ወሬው ቀላል ነው። ችግሩ ሰው ሲገፋ ማሽኑ ይመልሳል፣ ማሽኑ ሲመልስ ሰው ይደነግጥና ይይዛል፣ እንዲህ እየተነታረኩ ሁለቱም መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ይህን ንትርክ ማብረድ ነው የዶክተሯ ሥራ። ለዚህ ደግሞ አንድ እጅ ያስፈልጋታል።

እጁ የጋሽ ብሎን ነበር። ጋሽ ብሎን የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፣ ኪሳቸው ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እስካሁን አልላላሁም» ብለው ነው የሚመልሱት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ ማሽን ሲፈቱና ሲገጥሙ፣ አንድም ተማሪ ያበላሸውን ለፕሮፌሰር አሳልፈው ሰጥተው አያውቁም። ዶክተሯን «የኔ ዶክተር» ነበር የሚሏት፤ እሷ ደግሞ አባቷን በልጅነቷ ስላጣች ይህን ስትሰማ ውስጧ የሚሞቅ ነገር ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ብሎን ከክንዱ ፊት ይቀመጣሉ። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ እጃቸውን እጀታው ላይ አሳርፈው ምንም አያደርጉም፤ ከዚያ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። በእጀታው ውስጥ ያለው ሴንሰር እጃቸውን በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ያነባል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት፦ አንድ እጅ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት። እጁ ካልተለወጠ፣ የሚለወጠው ሁሉ የማሽኑ ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይም «የተሞካሪው እጅ በጥናቱ ዘመን ሁሉ እንደማይለዋወጥ ተወስዷል» ብላ ጽፋለች። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ አለፈ። ማንም ቢሆን ያልፈው ነበር።

ሙከራው በተጀመረ በስምንተኛው ወር በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አንድ ቀጭን ሞገድ ብቅ አለ። በሴኮንድ አምስት ጊዜ፣ ሳያሰልስ። ጋሽ ብሎን እጀታውን ጠበቅ አድርገው ሲገፉ ይጠፋል፤ ሲያሳርፉ ተመልሶ ይመጣል። ዶክተሯ መጽሐፎቿን አገላብጣ መልሱን አገኘችው። ጥፋቱ የሞተሩን ኃይል ወደ ክንዱ የሚያስተላልፈው የካምቢዮው ነው። ጥርሶቹ መሐል ክፍተት አለ፤ ጭነት ሲኖር ይነካከሳሉ፣ ጭነት ሲቀል ይንገጫገጫሉ። አምሮ የተሰፋ ምክንያት ነበር፤ የሚጎድለው ነገር አልነበረም።

ጋሽ ብሎን ነገሩን እንደ ውርደት ቆጠሩት። በእጃቸው ያደገ ማሽን ታሞ ዝም ሊሉ? ካምቢዮውን አራት ጊዜ ፈቱት። ኩሽኔታውን ቀየሩ፣ ቺንጊያውን ቀየሩ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውለው በመነጽር አዩ። ካቻቢቴው ከእጃቸው ሲሾልክ «ግሪሱ ነው» እያሉ ይስቃሉ። በአራተኛው ከወንበራቸው ሳይነሱ «አፍሪያለሁ የኔ ዶክተር፣ እንዲህ ያለ ተንኮለኛ ካምቢዮ ገጥሞኝ አያውቅም» አሏት። አንጀቷን በሉት። «ይተዉት ጋሼ፣ እኔ በሒሳብ አጠፋልዎታለሁ» አለቻቸው።

አንድ ማክሰኞ ከሙከራው በፊት ሻይ ይዘው ገቡ። ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ይንቃጨላል። ዶክተሯ ከኮምፒዩተሯ ቀና አለች፤ ያ ምት በጆሮዋ ከእጀታው ምት ጋር ገጠመ። ለአንዲት አፍታ «ምናልባት እጁ ቢሆንስ?» የሚል ነገር ሽው አለባት። የሚጠበቅባት የራሷን እጅ እጀታው ላይ አሳርፋ ማየት ብቻ ነበር። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ሥራ። ግን ደንቡ አንድ እጅ ይላል፤ ምዕራፍ አራትም ግማሹ ተጽፎ ነበር። ሐሳቡን እንደ ዝንብ እሽ አለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን እጀታ በባዶ እጇ ነክታው አታውቅም፤ ለራሷ የምትሰጠው ምክንያት ያው ደንቡ ነበር።

ምዕራፍ አራት አለቀ። ሞገዱን ለይቶ የሚያውቅ፣ ሲያድግ አብሮት የሚያድግ፣ ተቃራኒውን እየላከ ድምጥማጡን የሚያጠፋ ማጣሪያ። ፕሮፌሰሩ «ይቺ ምዕራፍ ብቻዋን ዶክትሬት ናት» አለ። ማጣሪያው የተከፈተ ዕለት ጋሽ ብሎን እጃቸውን አሳረፉ፤ እጀታው ጸጥ አለ። ደቂቃዋ አልፋም እጃቸውን አላነሱም። «ምነው ጋሼ?» ብትላቸው «ምንም። እንዲህ ዝም ሲል ደስ ይላል» አሉ። እሷ ምስጋና መስሏት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ጋሽ ብሎን ከውጭ እስኪመጣ አምስት ወር የፈጀ ሴንሰር ከእጃቸው ጣሉ። ጽሑፋቸው አልነበብ አለ። ሰውየው ይጠጣሉ የሚል ወሬ ከየት እንደተነሳ ሳይታወቅ ኮሪደሩን ሞላው፤ ወሬ ደግሞ ካምቢዮ የለውም፣ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯን አስጠራት። «አንቺ ሁልጊዜ አብረሻቸው ነሽ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተሻል?» አላት። «እኔ የማየው ማሽኑን ነው» አለች። ውሸት አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሄደችበት ሁሉ የሚከተላት ግን ይኸው ውሸት ያልሆነ መልስ ነው። ጋሽ ብሎን ጊዜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ውጡ ተባሉ፤ አንድ ዓርብ መሣሪያቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ የሸኛቸው አልነበረም። እሷም ስብሰባ ላይ ነበረች።

ሰባት ወር አለፈ። ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ተቆረጠ። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረው ጨረሱ። ዘጠኝ ቀን ሲቀር ፕሮፌሰሩ «ፈታኞቹ ክንዱ ሲሠራ ማየት ይፈልጉ ይሆናል፣ አንድ ጊዜ አስነሺው» አላት። ከኤሌክትሪክ ክፍል የተዛወረውን አዲሱን ቴክኒሻን፣ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ ነው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። እጁን አሳረፈ። መስመሩ ዝርግ ሆነ፤ ማጣሪያው የሚያጣራው አጥቶ ተቀመጠ። ሽቦ የተነቀለ መሰላት። ማጣሪያውን ዘጋችው። አሁንም ዝርግ።

«እጅህን በደንብ አሳርፈው» አለችው።

«አሳርፌዋለሁኮ።»

«ካምቢዮውን ነክተኸዋል?»

«እኔ? ብሎኑንም አልፈታሁ።»

አስነሳችውና ራሷ ተቀመጠች። እጇን እጀታው ላይ አኖረች። አንድ ደቂቃ። ያቺ ከሁለት ዓመት በፊት ጋሼን የነፈገቻቸው ደቂቃ። መስመሩ እንደተዘረጋ ቀረ። ቴክኒሻኑ ውሃ ላምጣልሽ ወይ ሲላት አልሰማችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራውን ከውስጥ ቆለፈች። መቶ አሥራ ስምንቱን ማክሰኞ ሁሉ ከየፋይሉ አውጥታ እያንዳንዱን በአንድ ነጥብ አስቀመጠችው። ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ አንዲትም ሳትወርድ ማለት ይቻላል። የሰው ሕመም በእሷው ፋይሎች ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ሲያድግ ኖሯል። ሐኪም ቢያየው የሚሰጠውን ስም አታውቅም፤ ሕመም መሆኑን ግን የጉልበት ቅባት የሚያማክሯት ጎረቤቶቿም ይለዩታል።

ክንዱ አንድ ሌላ ችሎታ አለው፤ የተቀዳለትን የእጅ እንቅስቃሴ መልሶ ያደርጋል። ለምን እንዳደረገችው እንጃ፣ የመጨረሻውን ማክሰኞ ከፈተችለት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ ወንበሩ ባዶ ነው። እጀታው ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ብሎን ልክ እዚያ የተቀመጡ ይመስል፣ አንዳንዴ ቆም እያለ፣ አንዳንዴ እየበረታ። በመሐል አንድ ጊዜ እንቅ ብሎ ቆመና ቀጠለ፤ ሰውየው ጥርሳቸውን ነክሰው ለመያዝ ሲሞክሩ መሆን አለበት። ዶክተሯ እጇን ዘርግታ እጀታውን ያዘችው። የእጃቸው ትግል በመዳፏ ውስጥ ተሰማት። ፈራች፤ ሙት የጨበጠች ያህል ፈራች፤ ሰውየው ግን ከዚያ በሁለት አውቶቡስ ርቀት በሕይወት አሉ። ማጥፊያውን ተጭና ወጣች። ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ መስኮት፣ በማንኪያ፣ በእናቷ ቁምሳጥን በር ሳይቀር ያንን ምት ትሰማው ጀመር። አምስት፣ አምስት፣ አምስት።

ለፕሮፌሰሩ ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደነገጠ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከዚያ እንደ ፕሮፌሰር አሰበ።

«ሒሳቡ ትክክል ነው» አላት። «የሞገዱ ምክንያት ነው የተሳሳተው። ምዕራፉን አሁን ካወጣሽው ቢያንስ አንድ ዓመት ይመልሱሻል፣ ማሽኑንም ለሌላ ተማሪ ይሰጡታል። ተከላከይና በማግስቱ ሄደሽ ንገሪያቸው። ሁለት ዓመት የቆየ ነገር አንድ ሳምንት ምን ያደርገዋል?»

ሁለት ቀን ይህን ቃል ይዛ ዞረች። በሦስተኛው ቀን የምታውቀውን ሥራ ሠራች፦ በነጥቦቹ መሐል መስመር አሳልፋ፣ በቀሩት ቀናት ሕመሙ ስንት እንደሚጨምር አሰላች። የወጣው ቁጥር ከነጥብ በኋላ ሦስት ዜሮ የያዘ፣ ከምንም የማይቆጠር ነገር ነው። ፕሮፌሰሩ ልክ ነበር። ቁጥሩ እፎይታ ሰጣት፤ እፎይታው ሲሰማት ደግሞ ኮምፒዩተሩን ዘጋችው። ቁጭ ብላ በሰው ልጅ ላይ ይህን ማስላቷን ማመን አቃታት። በዚያው ተነስታ ምዕራፍ አራት እንዲወጣና ቀኑ እንዲሰረዝ የሚል ሁለት መስመር ጽፋ ለድኅረ ምረቃ ቢሮ አስገባች፤ እግሯ እንዳይመልሳት ከቢሮው ደጅ አውቶቡስ ተሳፈረች።

የጋሽ ብሎን ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ነው የከፈቱላት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱን ይዞታል፤ ሶፋው ጫፍ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስና ትራስ አለ። ጋሽ ብሎን እዚያ እንደሚተኙ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

«የኔ ዶክተር» አሉ። «ጨረስሽ እንዴ?»

«አልጨረስኩም ጋሼ።»

«ነይ ቁጭ በይ» አሉ ባለቤታቸው። «አንቺ እንኳ አብረሽው ትውዪ ነበር። የሚጠጣበትን ቦታ የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝ። ዓመት ከመንፈቅ ኩባያውን ሳሸት ኖርኩ፣ አንድ ቀን አላገኘሁበትም። ጥበበኛ ነው።»

«ተዪ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ብሎን፣ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳሉት በሚያስታውቅ ድምፅ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ማክሰኞ እንደሆነ፣ ከፍታው የእጃቸው መንቀጥቀጥ እንደሆነ አስረዳች። «እትዬ፣ መጠጥ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ይጎድላል። ይሄ ጎድሎ አያውቅም። ይሄ ሕመም ነው። ጋሼ የሚጠጡት ነገር የለም።»

ሴትዮዋ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ። ነጥቦቹን አዩ፣ ሶፋው ላይ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አዩ። ተነስተው ብርድ ልብሱንና ትራሱን አቀፉ፤ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በባዶ እጃቸው ተመለሱ።

ጋሽ ብሎን የሚያስቡት ሌላ ነው። «ካምቢዮውስ?» አሉ።

«ጤነኛ ነው ጋሼ። ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር።»

«አራት ጊዜ ፈታሁትኮ» አሉና ሳቁ። ሳቁ የት ላይ እንደቆመ አልታወቀም። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

አውቶቡሱ ውስጥ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነው የመጣችው። «ባለፈው ሳምንት» አለች። ይሄም ውሸት አልነበረም። ጋሽ ብሎን ራሳቸውን ነቅንቀው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዝም ብትዪስ ማን ያውቅብሽ ነበር» አሏት፤ እሷም ምስጋናውን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

በማግስቱ ጠዋት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሦስቱም ሄዱ። ወረቀቱን ዶክተሯ እንድትይዝ የፈለጉት ጋሽ ብሎን ናቸው፤ «እኛ ብንናገር ማን ያምነናል» ብለው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አስቀመጠቻቸው፣ አስነሳቻቸው፣ አስኬደቻቸው፣ ጣታቸውን አስቆጠረቻቸው። የሸሚዛቸውን እጅጌ አስጠቅልላ ክንዳቸውን እያጠፈችና እየዘረጋች ዳሰሰች። ከዚያ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው።

«እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም» አለች። «መድኃኒት አለው፤ ዛሬ እንጀምራለን። ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ ጥሩ ጥሩ ዓመታት ይተርፉ ነበር። ከዚህ በፊት ማንም አልጠረጠረም?»

«እኔማ መጠጥ መስሎኝ» አሉ ባለቤታቸው። «ከመኝታዬ አስወጥቼው።»

ሐኪሟ «በራስዎ አይፍረዱ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር» አለቻቸው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሴትዮዋ ጥፋቱን ሁሉ ብቻቸውን ተሸክመው ሊወጡ ነው። ዶክተሯ ሴትዮዋን አየቻቸው፤ መርፌ የበሳሳውን አውራ ጣታቸውን በሌላው ጣታቸው እየፈተጉ ነበር።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለች።

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች።

«ከሁለት ዓመት በፊት። አንድ ማክሰኞ እጃቸው መሆኑ ታየኝ። ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ የጀመርኩት ጽሑፍ እንዳይበላሽብኝ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ስልሳ ሰባት ማክሰኞ አስቀመጥኳቸው። ኃላፊውም ሲጠይቀኝ ማሽኑን ነው የማየው አልኩ። ትናንት ‹ባለፈው ሳምንት ነው ያወቅሁት› ያልኩት ሙሉ እውነት አይደለም እትዬ።»

ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋት። የተቆጡ አይመስሉም፤ ማን እንደሆነች የጠፋባቸው ይመስላሉ። ጋሽ ብሎን አላዩዋትም። ምርመራው ስላለቀ እጅጌያቸውን አውርደው የእጅጌውን ቁልፍ በግራ እጃቸው ሊቆልፉ እየታገሉ ነበር። ቁልፉ ከቀዳዳው አፍ ደርሶ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይደርሳል፣ ይንሸራተታል። ዶክተሯ ሳታስበው ተነስታ ልታግዛቸው እጇን ሰደደች።

ጋሽ ብሎን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተይው» አሉ፤ ለስለስ ብለው ነው ያሉት። «እኔው እቆልፈዋለሁ።»

ሴቶቹ ሦስቱም ቁልፉ እስኪገባ ጠበቁ።